ንጉሥ ኢዮስያስ ለምን በ39 ዓመቱ ሞተ? ሰፋሪያ የተባለው የአይሁድ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጥያቄ ሲፈተን

ሰፋሪያ የአይሁድን ቅዱሳት መጻሕፍትና በየዘመኑ በእነርሱ ላይ የተጻፉትን ትርጓሜዎች ያለ ምንም ክፍያ የሚያስነብብ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለትርፍ ባልቆመ ድርጅትነት ተመሥርቶ በ2013 ለአንባቢ የተከፈተ ሲሆን፣ በድረ ገጽም ሆነ በሞባይል መተግበሪያ ይገኛል። በውስጡ ዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን፣ ታርጉም የሚባሉት የአራማይክ ትርጉሞቹ፣ የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና፣ በሚሽና ላይ የተደረጉ የሊቃውንት ክርክሮች የተሰበሰቡባቸው የባቢሎንና የኢየሩሳሌም ታልሙዶች፣ ሚድራሾች የሚባሉት የትርጓሜና የትረካ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ታዋቂውን ተርጓሚ ራሺንና ከእርሱ በኋላ የተነሡትን መምህራን ጨምሮ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት የጻፏቸው ሐተታዎች ተሰድረዋል። ስለ እንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚጻፍ ግምገማ ብዙውን ጊዜ የመጻሕፍቱን ብዛት ቆጥሮ ያበቃል። እኔ ግን ቤተ መጻሕፍት የሚመዘነው አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይዞ የገባ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ በማየት ነው ብዬ ስለማምን፣ አራት ኪሎ አካባቢ ከምንገናኝ የንባብ ጓደኞቼ ጋር ደጋግመን የምናነሣውን ጥያቄ ይዤ ገባሁ፦ እግዚአብሔርን በፍጹም ልቡ የፈለገው ንጉሥ ኢዮስያስ በ39 ዓመቱ በጦርነት የወደቀው ለምንድን ነው?

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት የመጻሕፍት መደብሮች የአንድምታ ትርጓሜዎች፣ የጥናት መጽሐፍ ቅዱሶችና ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ማብራሪያዎች ይሸጣሉ። ይሁን እንጂ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ «አይሁድ እንዲህ ይላሉ» ተብሎ በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ የሚጠቀሰውን ነገር ከራሱ ከምንጩ ማየት ለሚሻ ሰው መንገዱ ጠባብ ነበር። ጥያቄውም ቢሆን የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደግ ሰው በአጭር ሲቀጭ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን፤ አንዱ «እግዚአብሔር የወደደውን ቶሎ ይወስዳል» የሚለው ማጽናኛ ሲሆን፣ ሌላው ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» የሚለው ሹክሹክታ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በኢዮስያስ ሞት ላይ ያደረጉት ክርክር እነዚህን ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ በአንዳቸውም ግን በቀላሉ አይረካም።

በመጀመሪያ ችግሩ ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ምን ያህል ስለታም እንደሆነ ማየት ይገባል። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 እንደሚነግረን ኢዮስያስ በ8 ዓመቱ ነግሦ 31 ዓመት ገዛ፤ በነገሠ በ18ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱ ሲጠገን ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ፤ ጸሐፊው ሳፋን በፊቱ ባነበበው ጊዜም ንጉሡ ልብሱን ቀደደ። ከዚያም ወደ ነቢዪቱ ሕልዳና ላከ። የነቢዪቱ መልስ ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአገሪቱ ላይ የታዘዘው ጥፋት አይቀርም፣ ንጉሡ ግን ልቡ ስለ ለሰለሰ ወደ መቃብሩ በሰላም ይሰበሰባል፣ የሚመጣውንም ክፉ ነገር ዓይኖቹ አያዩም። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ጣዖታቱን እንዴት እንዳፈራረሰና ፋሲካውን እንዴት እንዳከበረ በዝርዝር ከተረከ በኋላ፣ በቁጥር 25 እንደ እርሱ ያለ ንጉሥ ከእርሱ በፊት አልነበረም፣ ከእርሱም በኋላ አልተነሣም ብሎ ይመሰክርለታል። አራት ቁጥር ብቻ ዝቅ ብሎ፣ በቁጥር 29፣ ፈርዖን ኒካዑ ወደ ኤፍራጥስ ሲወጣ ኢዮስያስ ሊገጥመው እንደ ሄደና በመጊዶ እንደ ተገደለ ይነግረናል። ምክንያት አይሰጥም፤ ሐዘንም አይገልጽም፤ አገልጋዮቹ ሬሳውን በሠረገላ ወደ ኢየሩሳሌም አመጡት ብሎ ያልፋል።

ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 609 ነው። የአሦር ዋና ከተማ ነነዌ ከሦስት ዓመት በፊት በ612 ወድቃለች፤ ኒካዑም ወደ ሰሜን የሚገሰግሰው የአሦርን ቅሬታ ይዞ በባቢሎን ላይ ለመቆም ነበር። ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 35 በዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ይጨምራል። ፈርዖን መልእክተኞች ልኮ፦ «የይሁዳ ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ከአንተ ጋር ምን አለኝ? እግዚአብሔር እንድቸኩል አዝዞኛል፣ ከእኔ ጋር ያለውን አምላክ አትቃወም» በሚል መንፈስ ለመነው። ኢዮስያስ ግን ከእግዚአብሔር አፍ የወጣውን የኒካዑን ቃል አልሰማም ይላል መጽሐፉ። ተሸሽጎ ወደ ሰልፉ ገባ፣ ቀስተኞች ወጉት፣ በሌላ ሠረገላ ተጭኖ ኢየሩሳሌም ገብቶ ሞተ። እንግዲህ በሰላም ትሰበሰባለህ የተባለው የት ሄደ?

የሰፋሪያ አገልግሎት ከሌሎች የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያዎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንባቢው አንዱን ቁጥር ሲነካ በጎን በኩል ሌላ ዓምድ ይከፈትና ያንን ቁጥር የጠቀሱ መጻሕፍት በየወገናቸው ተመድበው ይቀርባሉ፤ ሐተታው ለብቻ፣ ታልሙዱ ለብቻ፣ ሚድራሹ ለብቻ፣ ታርጉሙ ለብቻ። ከእነዚህ አንዱን ሲከፍት ደግሞ ያ መጽሐፍ በተራው የጠቀሳቸው ቁጥሮች ይከተላሉ። በነገሥቱ ቁጥር የጀመረ ሰው በዜና መዋዕል በኩል አልፎ ታዓኒት ወደተባለው የታልሙድ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሰቆቃወ ኤርምያስ ሚድራሽ ይደርሳል፤ መንገዱን የሚመራው ደግሞ የማንም ማጠቃለያ ሳይሆን የመጻሕፍቱ እርስ በርስ መጠቃቀስ ነው።

የባቢሎን ታልሙድ የእንግሊዝኛ ትርጉም በዚህ አገልግሎት ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የተለቀቀው የረቢ አዲን ስታይንሳልትዝ እትም ነው። በዚህ እትም በደማቅ ፊደል የተጻፈው የታልሙዱ ቃል ቀጥተኛ ትርጉም ሲሆን፣ በቀጭን ፊደል መካከል ለመካከል የገባው ደግሞ የአስተርጓሚው ማብራሪያ ነው። ታልሙድ እጅግ ቁጥብ በሆነ አነጋገር ስለተጻፈ ያለ ማብራሪያው መራመድ ያዳግታል፤ ነገር ግን ማብራሪያውን የጥንቶቹ ሊቃውንት ቃል አድርጎ መጥቀስ ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል። በንባብ ጊዜያችን ማንም ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠቅስ «ደማቁ ነው ቀጭኑ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ሆኗል፤ ጥሩ ልማድ ነው።

ወደ ታዓኒት 22ኛው ቅጠል (ታልሙድ የሚጠቀሰው በቅጠሉና በፊቱ ወይም በጀርባው ነው) ጀርባ እንግባ፤ ከሁሉ የበለጠው ሀብት ያለው እዚያ ነውና። የክፍሉ ርእስ ጾምና ምሕላ ነው፤ ሊቃውንቱ የሚነጋገሩት በየትኛው መከራ ጊዜ መለከት ተነፍቶ ሕዝብ ለጸሎት ይጠራል በሚለው ላይ ነው። ከመከራዎቹ አንዱ ሰይፍ ነው፤ የሚመጣው የጠላት ሰይፍ ብቻ ሳይሆን በአገር ላይ ሊያልፍ ብቻ የሚመጣው የሰላም ሰይፍም ቢሆን ምሕላ ይገባዋል ይላሉ። ለዚህ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ኢዮስያስን ነው፤ ከፈርዖን ኒካዑ ሰይፍ የበለጠ የሰላም ሰይፍ አልነበረም፣ ንጉሡ ግን በእርሱ ተሰናከለ። ስለ ንጉሥ ሞት የሚደረገው ታላቅ ክርክር ስለ ሕዝብ ደኅንነት በሚደነግግ ገጽ ውስጥ መገኘቱ የታልሙድን ጠባይ በደንብ ያሳያል።

ረቢ ሽሙኤል ባር ናሕማኒ በመምህራቸው በረቢ ዮናታን ስም ይጠይቃሉ፦ ኢዮስያስ ለምን ተቀጣ? መልሳቸው ኤርምያስን መማከር ሲገባው ስላልተማከረ ነው የሚል ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ከተለመደው ተግሣጽ ባልተለየ ነበር። ሆኖም ወዲያው ቀጥለው ንጉሡ በምን ተማምኖ ወጣ ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱም በዘሌዋውያን 26፥6 ላይ ሰይፍ በምድራችሁ አያልፍም ተብሎ በተጻፈው ነው። የትኛው ሰይፍ? የጠላት ሰይፍ እንዳንል በዚያው ቁጥር ላይ በምድሪቱ ሰላምን እሰጣለሁ ተብሏል፤ ስለዚህ የተጨመረው ቃል የሰላም ሰይፍ እንኳ አያልፍም ማለት መሆን አለበት። ኢዮስያስ ቁጥሩን የተረጎመው እንዲህ ነበር። ሊቃውንቱ ትርጓሜውን አይነቅፉትም፤ እነርሱ ራሳቸው ቢሆኑ እንዲህ ነበር የሚተረጉሙት። ጉድለቱ አንድ ነው ይላሉ፦ ተስፋው የተሰጠው ለታዘዘ ትውልድ መሆኑን፣ የእርሱ ትውልድ ግን እንደዚያ እንዳልነበረ አላወቀም።

ይህን ክፍል ደጋግሜ ባነበብሁት ቁጥር አክብሮቴ እየጨመረ ሄዷል። ንጉሡን የገደለው ክፋቱ፣ ትዕቢቱ ወይም የተሰወረ ኃጢአቱ ነው አላሉም። ያገኘውን የሕግ መጽሐፍ ወድዶ፣ አጥንቶ፣ በሚገባ ተርጉሞ፣ የተረጎመውንም በሥራ ለማዋል የወጣ ሰው ነው ብለው ሳሉት። በ18ኛው የንግሥና ዓመቱ መጽሐፉን ባገኘ ጊዜ ወደ ነቢዪቱ ልኮ የጠየቀው ንጉሥ፣ በመጨረሻው ዓመቱ ግን መጽሐፉን ብቻውን አነበበ። በእኔ ግምት በአይሁድ ትርጓሜ ውስጥ ስለዚህ ሞት ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ከመጽሐፉ ታሪክ ጋር ይበልጥ የሚስማማው ይህ ነው፤ የሰውየውን ጽድቅ ሳይሰርዝ የሞቱን ምክንያት ያሳያልና።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ትረካ አለመጥቀስ አይቻልም። ራቭ ይሁዳ «ራቭ» ተብለው ብቻ በሚጠሩት መምህር ስም እንዳሉት ቀስተኞቹ መላ አካላቱን እንደ ወንፊት በሳሱት። በሚያጣጥርበት ሰዓት ኤርምያስ ከንፈሮቹ ሲንቀሳቀሱ ያያል፤ ከሥቃዩ ብዛት የተነሣ የማይገባ ነገር ተናግሮ እንዳይሆን ይሰጋል፤ ጎንበስ ብሎም ያዳምጣል። የሰማው ግን ንጉሡ በሰቆቃወ ኤርምያስ 1፥18 ቃል ፍርዱን ሲቀበል ነው፦ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ በቃሉ ላይ ዐምፄአለሁና። ነቢዩም ያን ጊዜ በምዕራፍ 4፥20 የሚገኘውን የልቅሶ ቃል ከፈተ፦ የሕይወታችን እስትንፋስ፣ በእግዚአብሔር የተቀባው። ዜና መዋዕል ኤርምያስ ለኢዮስያስ እንዳለቀሰ ቢናገርም የልቅሶውን ቃል አያስቀምጥም፤ ሊቃውንቱ ባዶውን ቦታ በመጽሐፉ በራሱ ቃል ሞሉት። እስከ ዛሬም ድረስ የቤተ መቅደሱ ጥፋት በሚታሰብበት አቭ በሚባለው የአይሁድ ወር 9ኛ ቀን በአሽከናዝ (ከአውሮፓ በመጡ አይሁድ) ምኩራቦች ከሚዜሙት ሙሾዎች አንዱ የጥንቱ ባለቅኔ ኤልዓዛር ቃሊር ለኢዮስያስ የደረሰው ነው።

የሰቆቃወ ኤርምያስ ሚድራሽ ይህንኑ ታሪክ አስፍቶ ያቀርበዋል፤ ታዓኒትን ብቻ አንብቦ የሚያቆም ሰው ብዙ ይቀርበታል። በሚድራሹ ኤርምያስ ዝም አላለም፤ ከመምህሩ ከኢሳይያስ የተቀበለውን ቃል ጠቅሶ ንጉሡን አስጠነቀቀ። ንጉሡም የመምህርህ መምህር ሙሴ ሰይፍ በምድራችሁ አያልፍም አላለምን ብሎ መለሰለት። ትውልዱ ያልበቃው እንዴት እንደሆነም ሚድራሹ በግልጽ ይነግረናል። ኢዮስያስ በየቤቱ ያለውን ጣዖት እንዲያስወግዱ ደቀ መዛሙርትን ሁለት ሁለት አድርጎ ይልክ ነበር፤ እነርሱም ገብተው ፈትሸው ምንም ሳያገኙ ይወጣሉ። ሰዎቹ ግን የጣዖቱን ምስል ለሁለት ከፍለው ግማሹን በአንዱ የበር መዝጊያ፣ ግማሹን በሌላው ላይ አድርገውት ነበር፤ ፈታሾቹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ ምስሉ ይገጣጠማል። ንጉሡ በሪፖርት አገሩ እንደ ነጻ አመነ። በዚሁ ሚድራሽ ረቢ ማኒ የተወረወሩት ቀስቶች 300 እንደሆኑ ይናገራሉ። በሩ የተዘጋበት ታሪክ ከቀስቶቹ ቁጥር ይልቅ በአእምሮዬ የሚቀረው፣ የታዓኒትን አንድ ዐረፍተ ነገር ወደሚታይ ነገር ስለሚለውጠው ነው፤ ከላይ በዐዋጅ የመጣ ተሐድሶ ከደጃፍ በስተጀርባ ምን እንደሚመስል ይህን ያህል በአጭር የሚያሳይ ትረካ አላጋጠመኝም።

ይሁን እንጂ በሁሉም ነገር ከሊቃውንቱ ጋር አልስማማም፤ አገልግሎቱም ላለመስማማት በቂ ማስረጃ ይሰጣል። ፈርዖን ከእኔ ጋር ያለው አምላክ ሲል ራቭ ይሁዳ በራቭ ስም ጣዖቱን ማለቱ ነው ብለው ይተረጉማሉ፤ ኢዮስያስም በጣዖት የሚታመንን ሰው አሸንፈዋለሁ ብሎ ተዳፈረ ይላሉ። ትርጓሜው ለንጉሡ ክብር የሚቆም ቢሆንም፣ አንድ ቁጥር ወረድ ብሎ የመጽሐፉ ጸሐፊ በራሱ አንደበት የኒካዑ ቃል ከእግዚአብሔር አፍ ነበር ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ትርጓሜው እንደተወጠረ ያያል። እዚህ ላይ ከእኛው መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ማውረድ ይጠቅማል። በሰማንያ አሐዱ ውስጥ ዕዝራ ካልዕ ብለን የምንጠራው፣ ከግሪኩ የመጣው መጽሐፍ ይህንኑ ታሪክ ሲተርክ ኢዮስያስ ያልሰማው የኒካዑን ሳይሆን የነቢዩ የኤርምያስን ቃል ነው ይላል። እንግዲህ ኤርምያስ አስጠንቅቆት ነበር የሚለው ወግ ታልሙድ ከመጠናቀቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በአይሁድ ዘንድ የታወቀ ነበር ማለት ነው፤ አረማዊ ንጉሥ የእግዚአብሔርን ቃል ተናገረ የሚለው አሳብ የከበዳቸው አንባቢዎችም የታልሙድ ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም። ይህን ግንኙነት ለማየት አንባቢው ሰፋሪያን በአንድ እጁ፣ ሰማንያ አሐዱን በሌላው መያዝ አለበት።

በሰላም ትሰበሰባለህ ስለተባለው ተስፋ የሚጠየቀው ጥያቄ የሚገኘው ሞዔድ ቃጣን በሚባለው ክፍል፣ በ28ኛው ቅጠል ጀርባ ላይ ነው። ራቫ የተባሉት መምህር ጉዳዩን እንደ እኛው ነው የሚያነሡት፦ በሰላም ትሰበሰባለህ ተብሎ ተጽፏል፣ ቀስተኞችም ወጉት ተብሎ ተጽፏል፤ እንዴት ይታረቃል? መልሱ ከረቢ ዮሐናን ነው፤ ሰላሙ ቤተ መቅደሱ በዘመኑ አለመፍረሱ ነው። መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያበቃል፤ መጀመሪያ ሲነበብም የሚያመልጥ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሕልዳናን ቃል ተመልሶ ያየ ሰው ነቢዪቱ ራሷ ሰላሙን የተረጎመችው ክፉውን ነገር ባለማየት እንደሆነ ይገነዘባል። ቤተ መቅደሱ የፈረሰው በ586 ነው፤ ኢዮስያስ እስከዚያ ቢኖር ገና 62 ዓመት ገደማ በሆነው ነበር፣ ልጁ ሴዴቅያስም ዓይኖቹን ሲያጣ በሕይወት ሆኖ ሊያይ ይችል ነበር። ስለዚህ ተስፋው በሞቱ አኳኋን ላይ ሳይሆን በሞቱ ጊዜ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። ባባ ቃማ በተባለው የታልሙድ ክፍል በ60ኛው ቅጠል ላይ አባዬ የተባሉት መምህር ስለ ጻድቃን ሞት ያለቀሱትን ራቭ ዮሴፍን በኢሳይያስ 57፥1 ቃል ሲያጽናኑ የምናገኘውም ይህንኑ ነው፤ ጻድቅ ከክፉው ነገር ፊት ይወሰዳል። የለቅሶ ድንኳኑ ማጽናኛ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ራቭ ዮሴፍ እያለቀሱ የጠየቁ መሆናቸውና ማጽናኛውም የተነገረው ጥያቄው በሙሉ ክብደቱ ከተሰማ በኋላ መሆኑ ነው።

የሹክሹክታው ወገንም ምላሽ አለው። ሻባት በሚባለው ክፍል በ56ኛው ቅጠል እነዚያው ረቢ ሽሙኤል ባር ናሕማኒ፣ በእነዚያው በረቢ ዮናታን ስም፣ ኢዮስያስ ኃጢአት ሠራ የሚል ሁሉ ተሳስቷል ይላሉ። ታዲያ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ የተባለው ከምን ተመልሶ ነው? ከ8 ዓመቱ እስከ 18 ዓመቱ የፈረደውን ፍርድ ሁሉ እንደገና መርምሮ፣ ለተጎዳው ከሌላው ቀምቶ ሳይሆን ከራሱ ገንዘብ ከፍሎ ስለመለሰ ነው። ራቭ ግን ከእርሳቸው ተለይተው ኢዮስያስን ከታላላቅ ንስሐ ገቢዎች ይቆጥሩታል። በታዓኒት ለምን ተቀጣ ብለው የጠየቁት አፍ በሻባት ኃጢአት የለበትም ማለቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሎ ለሚታየው ሰው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ብቻ ነው መፍትሔው፤ በእነርሱ ዘንድ ሰው ያለ በደልነት ሊሳሳት፣ ስሕተቱም ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል።

በአንድምታ ባህል ያደገ አንባቢ በዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንግድነት አይሰማውም። አንዱ ትርጓሜ ሌላውን ሳይሽር «አንድም» እየተባለ የሚቀጥልበትን ሥርዓት ያውቀዋል። የሚለየው የሊቃውንቱ ስም በየአሳቡ ላይ መጠራቱና ክርክራቸው ሳይፈታ መቀመጡ ነው። አገልግሎቱ ይህን ጠባይ ያለ ማለስለስ ማቅረቡን እንደ ትልቁ ብቃቱ እቆጥረዋለሁ፤ ለኢዮስያስ ሞት አንድ መልስ ብቻ የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኝም።

ወሰኖቹን በተመለከተ፣ የአገልግሎቱ ቋንቋ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ አይደለም። ታልሙዱና ዋና ዋናዎቹ ሚድራሾች በእንግሊዝኛ ቢነበቡም፣ ከመካከለኛው ዘመን ሐተታዎች ብዙዎቹ ገና በዕብራይስጥ ብቻ የተቀመጡ ስለሆኑ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ተዘግተዋል። ለዕብራይስጥ ጀማሪ ግን አንዱን ቃል ሲነኩ የሚከፈተው መዝገበ ቃላት እውነተኛ ረዳት ነው። በተጠቃሚዎች የተዘጋጁ የጥናት ወረቀቶች ከመጻሕፍቱ ጎን መቅረባቸውንም ማስተዋል ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ቢሆኑም የአንድ ግለሰብ አስተያየት እንጂ የሊቃውንት ትርጓሜ አይደሉም። በኢንተርኔት ላይ ሙሉ በሙሉ መመካት ለማይችል የአዲስ አበባ ተጠቃሚ፣ መጻሕፍቱን አስቀድሞ በመተግበሪያው ላይ ማውረድ ይቻላል፤ ከወረዱ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ። ዓምዶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ለማንበብ ግን የስልክ ገጽ ይጠብባል። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን በመሰለ ጸጥ ያለ ስፍራ፣ ሰፋ ባለ ገጽና ማስታወሻ ደብተር ይዞ መቀመጥ ንባቡን ሌላ ያደርገዋል።

አገልግሎቱን ለሰባኪያን፣ ለነገረ መለኮት ተማሪዎች፣ ለአብነት ትምህርት ቤት ልጆችና እንግሊዝኛ ለሚያነቡ መምህራን ሁሉ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ፈጣን መልስ ፈልጎ ለሚገባ ሰው ግን አልመክርም። በዚህ ጥያቄ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ዜና መዋዕል 35፥20ን ከፍቶ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ያንብብ፤ ከዚያ ታዓኒትን፣ ከዚያ ሚድራሹን፣ በመጨረሻ ሞዔድ ቃጣንን ይከተል። በዚያ የመጨረሻ ቅጠል ላይ ሲደርስ ከኢዮስያስ አጠገብ በልጅነቱ የሞተ ሌላ ሰው ያገኛል፤ በአንደኛ ነገሥት 14 ነቢዩ ከኢዮርብዓም ቤት መልካም ነገር የተገኘበት እርሱ ብቻ ነው ያለለት፣ ሕመም የገደለው ልጅ አብያ ነው። መልካሙ ነገር ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ረቢ ዜራና ረቢ ሒኔና ባር ፓፓ ይለያያሉ፤ አንደኛው የጥበቃ ስፍራውን ትቶ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ ሲሉ፣ ሌላኛው አባቱ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይወጣ በየመንገዱ ያቆማቸውን ዘበኞች አነሣ ይላሉ። የንባብ ጓደኞቼና እኔ አሁን የያዝነው ይህን ክፍል ነው።